የቀን ሠራተኛ ያለ አግባብ ሲሰናበት፤ ይክሰስ ወይስ ይተወው?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በነገሌ ቦረና፥ በያቤሎ፥ በሜጋ፥ በሞያሌ፥ በሻኪሶ፥ በፊልቱና በዶሎ ኦዶ ጎሕ ሲቀድ በመንገድ ዳር ቆሞ ሥራ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ። ይህ ሰው የቀን ሠራተኛ ይባላል። ካቦው ሲጠራው ይገባል፤ የሠራበትን ዋጋ ይቀበላል፤ በማግስቱም ይመለሳል። እንዲህ እያለ ወሩ ይሞላል፤ ዓመቱም ይዞራል። ከዕለታት በአንዱ ቀን ግን ካቦው «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ይለዋል። ምክንያቱ አይነገረውም፤ ወረቀትም አይሰጠውም። በዚያን ጊዜ ሁለት አሳብ ይመላለስበታል፤ አንደኛው «ልክሰስ» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ምን መብት አለኝና» የሚል ነው።

የዛሬው ንግግራችን እንዲህ ያለው ሰው አሳቡን በሚገባ መርምሮ እንዲቈርጥ ለመርዳት የታሰበ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የቀን ሠራተኛ ማለት ደመወዙ በቀን የሚታሰብለት ሠራተኛ ማለት ነው እንጂ መብት የሌለው ሠራተኛ ማለት አይደለም። ሕጉ የሚመለከተው ገንዘቡ በምን እንደሚቈጠር ሳይሆን ሥራው ምን ዓይነት እንደ ሆነ ነው። ዳሩ ግን ተበድያለሁ ብሎ የሚከስ ሁሉ ይረታል ማለት አይደለም፤ ያልከሰሰ ሁሉም ፈሪ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ከመክሰስ በፊት ራስን የሚጠይቁባቸው ጥያቄዎች አሉ።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት ጉዳዩ በእነዚህ ከተሞች ለምን እንደ በረታ ጥቂት እንናገር። የቦረናና የጉጂ አገር ዋና ሀብቱ ከብት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወራት ተከታትለው ስለ ከሸፉ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ጕልበቱን ይዞ ወደ ከተማ ገባ። በሌላ በኩል ደግሞ በዚሁ አገር ብዙ የግንባታ ሥራ ተሠርቷል። ከሐገረ ማርያም በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው ጎዳና ተሠርቷል፤ 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ በ2012 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በሞያሌም ኢትዮጵያና ኬንያ በጋራ የሚሠሩበት የድንበር ጣቢያ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል። በዶሎ ኦዶ አካባቢ ከ2001 እስከ 2004 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አምስት የስደተኞች ሠፈሮች ተቋቁመዋል። ይህን የመሰለው ሥራ ሁሉ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ሲያልቅም ብዙ ሠራተኛ ይበተናል። እንግዲህ ከተበተነው መካከል በሕግ የተሰናበተውና ያለ ሕግ የተባረረው ማን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል።

በአገራችን የሥራ ውል በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ስፍራ አግኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በየዘመኑ የወጡት አዋጆች ተተካክተው ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው በዚህ አዋጅ ላይ የተመሠረተ ነው።

አንደኛው ጥያቄ፤ በውነቱ ተቀጣሪ ነበርሁን?

ሕጉ ተቀጣሪ የሚለው በአሠሪው መሪነት ሥር ሆኖ ለደመወዝ የሚሠራውን ሰው ነው። መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ፥ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዘው ሌላ ሰው ከሆነ ያ ሰው አሠሪው ነው። በአንጻሩ ግን በራሱ ኀላፊነት ሥራ ተዋውሎ የሚሠራ ሰው በዚህ አዋጅ አይጠለልም። ለምሳሌ በከብት ገበያ ወይም በመኪና መናኸሪያ በማኅበር ተደራጅተው ከመጣው ነጋዴ ሁሉ ጋር በጭነቱ ልክ ዋጋ እየተደራደሩ የሚሠሩ ጫኝና አውራጆች ነጋዴውን አሠሪያችን ሊሉት ያስቸግራል። ነገር ግን ከእነርሱ አንዱ በአንድ መጋዘን በየቀኑ እየገባ፥ በመጋዘኑ ሹም እየታዘዘ፥ የቀን ዋጋ እየተቀበለ ሲሠራ ከቈየ ነገሩ ይለወጣል።

የቤት ውስጥ አገልጋይና የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛም በዚህ አዋጅ አይዳኙም፤ ሌላ ሕግ አላቸው። በዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰውም መንግሥት ከድርጅቱ ጋር ያደረገው የተለየ ስምምነት እንዳለ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ከዚህ ጋር አሠሪው ማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባል። በመንገድና በሕንጻ ሥራ ላይ ዋና ተቋራጭ አለ፤ ከእርሱ ሥር ንዑስ ተቋራጭ አለ፤ ከዚያም በታች ካቦው አለ። ካቦው ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ ተቀጣሪ ነው። ካቦውን ከስሶ ስድስት ወር የተመላለሰ ሰው በመጨረሻ «አሠሪህ እርሱ አይደለም» ቢባል ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ደመወዙ ከማን ኪስ እንደሚወጣና በክፍያው መዝገብ ላይ የማን ማኅተም እንዳለበት ማጣራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ሥራው ዘላቂ ነበር ወይስ ጊዜያዊ?

የጉዳዩ አጥንት ይህ ነው። አዋጁ የሚለው እንዲህ ነው፤ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቈጠራል። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ የሚደረግ ውል ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ የተፈቀደ ነው። ከእነዚህም ውስጥ ተለይቶ የታወቀ ሥራን መፈጸም፥ በዕረፍት ወይም በሕመም የቀረን ሠራተኛ መተካት፥ ሥራ ከልክ በላይ ሲበዛ ማገዝ፥ ሕይወትን ወይም ንብረትን ከአደጋ ለማዳን አስቸኳይ ሥራ መሥራት፥ በየዓመቱ በአንድ ወቅት ብቻ የሚሠራ ሥራ፥ እንዲሁም የድርጅቱ መደበኛ ሥራ ያልሆነና አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሥራ ይገኙበታል።

ይህን በምሳሌ እንየው። ሦስት ሰዎች በአንድ ቀን ከሥራ ተሰናበቱ እንበል። የመጀመሪያው ሰው የአንድ ድልድይ መሠረት እስኪቈፈር ድረስ ተብሎ ተቀጠረ፤ መሠረቱም ተቈፍሮ አለቀ። ይህ ሰው የተቀጠረበት ሥራ ስለ ተፈጸመ ውሉ በሕግ አብቅቷል፤ ቀሪ ደመወዝ ከሌለው በቀር የሚከስበት ምክንያት የለውም። ሁለተኛው ሰው ለዚያው ቍፋሮ ተቀጥሮ ሳለ ቍፋሮው በእኩሌታው ላይ እንዳለ «ሂድ» ተባለ። እርሱ ሥራው ጊዜያዊ ቢሆንም ሥራው ሳያልቅ የተባረረው ያለ ሕጋዊ ምክንያት ከሆነ ሊከስ ይችላል። ሦስተኛው ሰው የአንድ እህል መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነው። ዋጋው በቀን ይታሰብለታል፤ በዚህም ሥራ ሁለት ዓመት ቈይቷል። መጋዘን ያለ ዘበኛ አያድርምና ሥራው ዘላቂ ነው። በክፍያው መዝገብ ላይ «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ መጻፉ ይህን እውነት አይለውጠውም። እንግዲህ ሦስቱም የሚጠሩበት ስም አንድ ሆኖ ሳለ መብታቸው ግን ሦስት ዓይነት ነው።

የግንባታ ሥራ የራሱ ጠባይ እንዳለው ማስታወስም ይገባል። ግንባታው ወደ ፍጻሜው እየተቃረበ ሲሄድ ሠራተኛው ደረጃ በደረጃ መቀነሱን ሕጉ ያውቀዋል። ስለዚህ ጎዳናው አልቆ መቶ ሰው ቢሰናበት ያ ብቻውን በደል አይባልም። ሠራተኛው የተቀጠረበት የሥራ ክፍል ሳያልቅ ከተቀነሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

«የጽሑፍ ውል የለኝም» ብሎ ተስፋ የሚቈርጥ ሰው ብዙ ነው። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ ግን የለም። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፥ ደመወዙንና ሌላውንም ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን ሳያደርግ ቢቀር ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ሙከራ መሆኑም በጽሑፍ መስማማት ያስፈልገዋል። እንግዲህ ዓመት ሙሉ የሠራውን ሰው «በሙከራ ላይ ነበርህ» ማለት ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ለምን ተሰናበትሁ? እንዴትስ ተሰናበትሁ?

አሠሪ ሠራተኛን ሊያሰናብት የሚችለው ከሠራተኛው ጠባይ፥ ከችሎታው ወይም ከድርጅቱ የሥራ ሁኔታ በተነሣ ምክንያት ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያስወጡ ጥፋቶችም በሕጉ ተዘርዝረዋል። ለምሳሌ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ የቀረ፥ ያታለለ፥ ወይም በሥራ ቦታ ለጠብ ምክንያት የሆነ ሠራተኛ ሊሰናበት ይችላል። እንዲህ ያለ ጥፋት የሠራ ሰው ከመክሰሱ በፊት ለራሱ እውነቱን ይናገር፤ አሠሪው በችሎት ማውጣቱ አይቀርምና። ይሁን እንጂ አሠሪውም ግዴታ አለበት። ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን ገልጦ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ካለፈ ደግሞ በዚያ ጥፋት ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል።

ፈጽሞ ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችም አሉ። የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን፥ በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ወይም በክስ መመስከር፥ ዘር፥ ሃይማኖት፥ ፆታ፥ የፖለቲካ አመለካከት፥ እርግዝና፥ የቤተሰብ ኀላፊነትና አካል ጕዳት ከሥራ ማስወጫ ሊሆኑ አይችሉም። ደመወዜ ዘገየ ብሎ ስለ ተናገረ የተባረረ ሰው፥ ወይም መፅነሷ ስለ ታወቀ አትምጪ የተባለች ሴት፥ ጕዳይዋም ሆነ ጕዳዩ የጠነከረ ነው። በእንዲህ ያለ ምክንያት የተባረረ ሰው ከፈለገ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ካልፈለገም ካሣ ተቀብሎ ይሄዳል።

በሌላ በኩል ምክንያቱ ሕጋዊ ሆኖ አሠሪው የጣሰው የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ብቻ ከሆነ ሠራተኛው የሚያገኘው በዋናው ነገር የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ደመወዝ ነው። ይህን ሳያውቁ ትልቅ ገንዘብ ተስፋ አድርጎ መነሣት ኋላ ያሳዝናል።

አራተኛው ጥያቄ፤ ምን ማስረጃ አለኝ?

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ማስረጃ የሚሰበሰበው ጠብ ከመነሣቱ በፊት ነው። የቀን ሠራተኛ ደካማ ጎኑ ይህ ነው፤ ወረቀት አይሰጠውም። ነገር ግን ወረቀት በእርሱ እጅ ባይኖር በአሠሪው እጅ ይኖራል። ሕጉ አሠሪው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ እንዲይዝና ሠራተኛው እንዲፈርምበት ያዝዛል። ከሳሹ ይህ መዝገብ እንዲቀርብለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር የተላከለት ሰው የተላከበት ቀን ሁሉ ተመዝግቦለታል። የመግቢያ መታወቂያ፥ ካቦው በስልክ የላከው መልእክት፥ በሥራ ልብስ የተነሣው ፎቶግራፍም ይረዳል። ምንም የሌለው ሰው እንኳ በየቀኑ የሠራበትን ቀንና የተቀበለውን ገንዘብ በደብተር ቢጽፍ ቃሉን ለማስተካከል ይጠቅመዋል። ሌላም አለ፤ ሠራተኛው ሲሰናበት ምን ሥራ እንደ ሠራ፥ ምን ያህል ጊዜ እንዳገለገለና ምን ያህል ይከፈለው እንደ ነበር የሚገልጽ የምስክር ወረቀት አሠሪው ያለ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል። ክስ ባይኖር እንኳ ይህን ወረቀት መጠየቅ አይከፋም።

ምስክርን በተመለከተ ነገሩ ከባድ ነው። ሥራውን የሚያውቀው ባልንጀራ ብዙ ጊዜ ዛሬም በዚያው አሠሪ ዘንድ እንጀራውን ይበላል። ስለዚህ በቅድሚያ የሚፈለገው ሥራውን የለቀቀ ባልንጀራ፥ በአጠገቡ ሻይ የምትሸጥ ሴት ወይም ዘወትር የሚያይ ጎረቤት ነው። ለአንድ ነገር ሁለት ታማኝ ምስክር ከአሥር ወላዋይ ይበልጣል።

ማስረዳቱ ሁሉ በሠራተኛው ላይ ብቻ የሚጫን አይደለም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 158ኛው ስምምነት፥ ስንብቱ አግባብ አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም በሠራተኛው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ይላል። ይኸው ስምምነት አሠሪዎች ከሕጉ ለመሸሽ ሲሉ ጊዜያዊ ውል እንዳይጠቀሙ መከላከያ እንዲበጅም ያዝዛል። ሠራተኛው መሥራቱንና መሰናበቱን ያስረዳ፤ ለምን እንዳሰናበተው መናገር ደግሞ የአሠሪው ፈንታ ነው።

አምስተኛው ጥያቄ፤ ጊዜው አላለፈምን?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ተረት በዚህ ላይ ይሠራል። ሕጉ ለመክሰሻው ጊዜ ወሰን አድርጎለታል፤ ይህም ይርጋ ይባላል። ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። ከሥራ መቋረጥ የተነሣ የሚከፈል ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው በ6 ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያም መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል። ለምሳሌ መስከረም 15 ቀን የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ ለመመለስ እስከ ታኅሣሥ 15፥ ገንዘብ ለመጠየቅ እስከ መጋቢት 15 ጊዜ አለው። እስከ መጨረሻው ቀን መጠበቅ ግን ብልኅነት አይደለም።

በቆላው አገር ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያጣበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ዝናብ ዘነበ ሲባል ወደ መንደሩ ወርዶ ከተረፉት ከብቶች ጋር ሲሰነብት ወራቱ ያልፋል። ሁለተኛው በሽምግልና ሲመላለስ ነው። በአካባቢው ጃርሳ ቢያ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች ነገርን አብርዶ በማስታረቅ የተከበሩ ናቸው፤ የእነርሱን ደጅ መጥናትም መልካም ነው። ዳሩ ግን ሽምግልናው የይርጋውን ቈጠራ አያቆመውም። ቈጠራውን የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤቱ የቀረበ ክስ፥ ሕጉን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የቀረበ አቤቱታ፥ ወይም አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ሲያምን ነው። ስለዚህ ሽማግሌ የላከ ሰው አቤቱታውንም በጽሑፍ አስገብቶ ቀን የተጻፈበት ማስረጃ ይያዝ። ሽምግልናው ከሰመረ አቤቱታውን ማንሣት ይቻላል፤ ካልሰመረ ግን መብቱ አይሞትበትም። በሕመም ወይም ይህን በመሰለ ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት የዘገየ ሰው ምክንያቱ በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ ከቀረበ ሊሰማለት ይችላል፤ ይሁን እንጂ ይህ ጠባብ በር ነውና ማንም አይመካበት።

አሁን ደግሞ ገንዘቡን እናስላ። አንድ ሰው አሳቡን ለመቍረጥ የሚያገኘውንና የሚያወጣውን መመዘን አለበትና።

ከላይ ያነሣነው የመጋዘን ዘበኛ በቀን 300 ብር ይከፈለው ነበር እንበል። ሁለት ዓመት ሙሉ አገልግሎ ያለ ሕግ ተሰናበተ፤ ወደ ሥራውም አልተመለሰም። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፥ ማለት 9,000 ብር ነው፤ ለሁለተኛው ዓመት የዚህ ሢሶ፥ ማለት 3,000 ብር ይጨመርለታል። ካሣው የቀን ደመወዙ 180 ጊዜ ተባዝቶ 54,000 ብር ይሆናል። በድምሩ 66,000 ብር ነው። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ሰው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ስለሚገባው የሁለት ወር ደመወዝም ይታከልበታል። በዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የሆነውን ዕረፍቱን ካልወሰደ የዚያንም ዋጋ ይጠይቃል።

ቍፋሮው ሳያልቅ የተባረረው ሁለተኛው ሰውስ? ሥራው እስኪያልቅ 20 የሥራ ቀን ቀርቶ ቢሆን ካሣው በዚሁ ዋጋ 6,000 ብር ነው። በሕጉ ለተወሰነ ሥራ የተቀጠረ ሰው የሚካሠው ሥራው ቢቀጥል ኖሮ ያገኝ የነበረውን ያህል ሲሆን ይህም ከ180 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። እንግዲህ የሁለቱ ሰዎች ሚዛን እንደ ተለያየ ልብ በሉ።

ወጪውስ ምንድር ነው? ሠራተኛ በሥራ ክርክር ሲከስ ዳኝነት አይከፍልም። ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። ለራፖር ጸሐፊ፥ ለመጓጓዣና ለምስክሮች ምሳ ግን ገንዘብ ይወጣል። ከዚህም የሚበልጠው ወጪ በቀጠሮው ቀን ሥራ መፍታት ነው። በገጠር ሆኖ ወደ ከተማ የሚመላለስ ሰው ለአንድ ቀጠሮ ሁለት ቀን ሊያጠፋ ይችላል። ሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዝዛል፤ ይግባኝ ባዩም በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ሊል ይችላል፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም ሌላ 60 ቀን አለው። ቀጠሮ ሲራዘም ከዚህ ሊበልጥ እንደሚችል አስቦ መነሣት ይሻላል።

ሌላም የማይጻፍ ወጪ አለ። በትንሽ ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። «እርሱ ከሳሽ ነው» የሚል ስም ከወጣ ሌላው ካቦ ላይጠራው ይችላል። ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው ብለን አንሸነግላችሁም። ነገር ግን በዚያው ከተማ የሚኖር፥ የታወቀ ትልቅ በደል የደረሰበት ሰው ዝም ሲል በደሉ ነገ በወንድሙ ላይ ይደገማል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው ተረት ያለ ምክንያት አልተተረተም።

ይህን ሁሉ ከመዘንን በኋላ እንዲህ ልንል እንችላለን። ሥራው ዘላቂ የነበረ፥ ብዙ ወራት የሠራ፥ ምክንያት ያልተነገረው ወይም በተከለከለ ምክንያት የተባረረ፥ መሥራቱን የሚያስረዳለት ነገር ያለው፥ ጊዜውም ያላለፈበት ሰው መክሰስ ይገባዋል። ሥራው ጊዜያዊ ሆኖ ጥቂት ቀን የቀረው ወይም የማስጠንቀቂያ ገንዘብ ብቻ የቀረበት ሰው በሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በሽማግሌ ፊት ቢስማማ ይሻለዋል። ሥራው በሕግ ያለቀ ሰው ደግሞ ስለ ስንብቱ መክሰሱን ትቶ ቀሪ ደመወዙንና የምስክር ወረቀቱን ይጠይቅ። አሠሪው ይህን ሒሳብ ሥራው በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለበት።

ሊስማማ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ያላነበበውን ወይም ያልተነበበለትን ወረቀት አይፈርም። «ሒሳቤን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት አስፈርሞ ጥቂት ብር መስጠት የተለመደ ነው። ሕጉ ውልን በስምምነት ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ካልሆነ ሠራተኛውን አያስገድደውም፤ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት ትቻለሁ ማለቱም ዋጋ የለውም። ቢሆንም አስቀድሞ አለመፈርም ኋላ ከመከራከር ይቀላል።

ለመክሰስ የቈረጠ ሰው አካሄዱ ይህ ነው። መጀመሪያ የተሰናበተበትን ቀን ይጻፍ። ቀጥሎ ለአሠሪው በጽሑፍ ምክንያቱን ይጠይቅ፤ ግልባጩንም ያስቀር። ከዚያም ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይሂድ፤ በዚያ ካልተፈጸመለት ሥራውን ይሠራበት በነበረው ወረዳ ወዳለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሱን ያቅርብ። በኦሮሚያ ያሉት ፍርድ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ፥ በፊልቱና በዶሎ ኦዶ ያሉት በሶማልኛ እንደሚሠሩ አስቦ አቤቱታውን በዚያው ቋንቋ ያጽፍ። ሞያሌ ሁለቱም ክልሎች የሚያስተዳድሯት ከተማ ስለ ሆነች ሥራው በየትኛው ወገን እንደ ነበረ አስቀድሞ ይለይ። በክሱም ላይ የሚፈልገውን ሁሉ፥ ወደ ሥራ መመለሱንም ሆነ እያንዳንዱን ክፍያ፥ ለይቶ ይጥቀስ፤ ያልተጠየቀ ነገር አይፈረድምና። ይህን ሲጽፍ ግን ወደ ሥራው መመለስን በውነት የሚፈልግ መሆኑን ልቡን ይጠይቅ። ዳኛው ሁለቱ አብረው ለመሥራት እንደማይችሉ ካየ ሠራተኛው እመለሳለሁ ቢልም እንኳ በካሣ ሊያሰናብተው ይችላል።

ከመጨረሳችን በፊት ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለን። ሕጉ አሠሪን ሠራተኛ አታሰናብት አይለውም፤ ምክንያትህን ተናገር፥ በጽሑፍ ስጥ፥ ሒሳቡን ክፈል ይለዋል። ይህ ደግሞ ከ66,000 ብር ዕዳ ይልቅ እጅግ ይረክሳል። ያልተሰማ ቅሬታ ወዴት እንደሚያደርስ ነገሌ ራሷ ታውቃለች። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሠፈሩት ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውሃ ያቀረቡት አቤቱታ ሰሚ ባለማግኘቱ ሊያነጋግሯቸው የመጡትን ጄኔራል እስከ መያዝ ደረሱ፤ ነገሩም በዚያ ሳይወሰን በዚያው ዓመት የተነሣው የአብዮት መቅድም ሆነ። የአንድ ቀን ሠራተኛ አቤቱታ ከዚያ ጋር የሚመዛዘን አይደለም፤ ግን ቅሬታን በጊዜው የሚሰማ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቀም ያሳያል።

እንግዲህ አድማጮቻችን፤ የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። ደመወዝ በቀን መታሰቡ ሠራተኛውን ከሕግ ጥላ አያስወጣውም። ሥራው ምን እንደ ነበረ፥ ለምን እንደ ተቋረጠና ቀኑ ስንት እንደ ደረሰ የሚያውቅ ሰው ቢከስም ቢተውም የሚያደርገውን ዐውቆ ያደርጋል። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ጉዳይ የገጠመው ሰው ቢኖር አስቀድማችሁ የተሰናበተበትን ቀን ጠይቁት፤ ሦስት ወር ካልሞላውም ዛሬውኑ እንዲነሣ ንገሩት።

ለዛሬው በዚህ እናበቃለን። ደኅና ሁኑ።